የአያቴ ጋሻ የት ደረሰ? ለአንድ የሰሜን ሸዋ ሙዚየም ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

የእርስዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጽፍም። ደብዳቤው ለማን እንደሆነ ያውቁታል። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቷል፤ መልስ ግን የለም። "ነገ ተመለስ" መባል ስለሰለቸኝ በአደባባይ ጻፍኩ።

እናቴ የአባቷን ጋሻና የብራና ዳዊት ከመንዝ አምጥታ ስታስረክባችሁ አብሬያት ነበርኩ። አያቴ በጣሊያን ጊዜ ያንን ጋሻ ይዘው ዘምተዋል። ዘመድ "ለምን ትሰጪዋለሽ?" ሲላት "እቤት ብል ይበላዋል፤ እዚያ አገር ያየዋል" አለች። ማህተም ያለበት የርክክብ ወረቀት ተሰጣት።

ዳዊቱን ባለፈው ክረምት አየሁት። መጋዘን ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ በአሮጌ የቢሮ ፋይሎች ሥር ነው። ብራና እርጥበት ይስባል፤ የኛ ደጋ ጉም ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በበሩ ሥር ይገባል። ቅጠሎቹ ተጨማደዋል፤ አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በክር የታሰረችው ካርድ ቀለሟ ፈስሶ ቁጥሩ አይነበብም። ጋሻው ጭራሽ የለም። ሠራተኛው መዝገቡን አገላብጦ "አልተመዘገበም፤ ዕቃ ስናዘዋውር ተደባልቆ ይሆናል" አለኝ። እሱን አልወቅስም። ቁልፍ ሰጣችሁት እንጂ መመሪያ አልሰጣችሁትም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዝገብ እንደሚል ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ቁጥር፣ ፎቶ፣ ልክ፣ የሰጪው ስም፣ የተቀመጠበት መደርደሪያ። ይህ የሙዚየም ሀ ሁ ነው። በ1960ዎቹ የሸዋ ገዳማትና አድባራት በርካታ ብራናዎች ቁጥር እየተሰጣቸው በማይክሮፊልም ተነስተዋል። ዛሬ በየኪሳችን ካሜራ ይዘን እንዴት ያቅተናል? በ1989 ዓ.ም ከላሊበላ የተሰረቀው የአፍሮ አይገባ መስቀል የታወቀ ስለነበር ከውጭ ሲገኝ "የኛ ነው" ማለት ተቻለ። የአያቴ ጋሻ ነገ ውጭ አገር ለሽያጭ ቢወጣ በምን እንለየዋለን?

ከሁሉ ያስቆጣኝ የዘንድሮው ዕቅዳችሁ ነው። አዲስ አዳራሽ አለበት፣ አጥር አለበት፣ የምረቃ በዓል አለበት። ለቆጠራና ለመደርደሪያ ግን አንድ ብር አልተያዘም።

አዳራሹ ይቆይ። መጀመሪያ ያላችሁን ቁጠሩ፤ የጎደለውን ለየቤተሰቡ በጽሑፍ አሳውቁ። ጋሻው የት እንደደረሰ ለእናቴ በፊርማ ይጻፍላት። ቆጠራው እስኪያልቅ ከማንም አንድም ዕቃ አትቀበሉ። ከመንዝም ሆነ ከአንኮበር ቅርስ ይዞ ወደ እናንተ የሚመጣ ካገኘሁ፣ የደረሰብንን ሳልነግረው አላሳልፈውም።