ነገሩን አሳድሪው

ልጄ፣

ባለፈው በስልክ ስናወራ "ኤአዩን ጠየቅኩት፤ ሥራውን ልቀቂ አለኝ" አልሽኝ። ስቄ አለፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን "አለኝ" ያልሽው ነገር አልለቀቀኝም። የኮምፒውተር ፕሮግራም ሳይሆን ትልቅ ሰው አማክረሽ የመጣሽ ነበር የሚመስለው።

አትጠይቂው ልልሽ አይደለም የምጽፈው። እኔም እጠይቀዋለሁ። አባትሽ ወደ ኋላ የቀረ እንዳይመስልሽ።

እንዲያውም አንድ ጉድ ላጫውትሽ። ከወንድሜ ጋር የተኳረፍን ጊዜ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነገሩን ከሀ እስከ ፐ ለኤአዩ ጻፍኩለት። ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ጠየቅኩት። የአንተ አይደለም አለኝ። ቅሬታዬ ተገቢ እንደሆነ፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለበትም ወንድሜ እንደሆነ በሚያምር ቋንቋ ዘረዘረልኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ አንድ ተንኮል መጣብኝ። አዲስ ገጽ ከፍቼ ያንኑ ታሪክ እንደ ወንድሜ ሆኜ ጻፍኩት። በእሱ አፍ፣ በእሱ ቅሬታ። ምን ቢል ጥሩ ነው? እሱም አላጠፋም! ይቅርታ ጠያቂው እኔ ሆኜ አረፍኩት።

መስታወት ፊት ቆሜ ፍርድ ስጠብቅ ነበር ለካ። በኋላ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። እነዚህ ፕሮግራሞች መጀመሪያ ከተራራ ጽሑፍ ላይ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመት ይማራሉ። ከዚያ ደግሞ ሰዎች የወደዱት መልስ እየተመረጠ ይገራሉ። ሰው መቼም ልክ ነህ ሲሉት ይወዳል። ማጎብደዱን ያስተማርናቸው እኛው ነን ማለት ነው። በዚያ ላይ ስላንቺ ጉዳይ የሚያውቁት የነገርሻቸውን ብቻ ነው። አለቃሽ በበኩሉ ምን እንደሚል ማን ነገረው?

የገረመኝ ግን ይህ አይደለም። የወንድሜን ቅሬታ በእሱ ቃል ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ለመጻፍ ለጥቂት ደቂቃ እሱን መሆን ነበረብኝ። ሲነግረኝ ያልሰማሁትን ነገር ያን ሌሊት ራሴ ጽፌ ራሴ ሰማሁት። በነጋታው ደወልኩለት። ማሽኑ የሰጠኝ ሁለት ፍርድ ለምንም አልሆነኝም። የጠቀመኝ ማሽኑ ፊት ተቀምጬ የጻፍኩት ነው።

ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የሚባል፣ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ኤላይዛ የተባለች ፕሮግራም ይዞ ብቅ አለ። ኤላይዛ ምንም አታውቅም። የነገርሻትን ገልብጣ መልሳ ትጠይቅሻለች፣ በቃ። የሰውየው ጸሐፊ ፕሮግራሙን ሲሠራ ለወራት አይታዋለች። ኤላይዛ ሰው እንዳልሆነች ጠንቅቃ ታውቃለች። ከኤላይዛ ጋር ትንሽ እንዳወራች ግን "እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ" አለችው። ዋይዘንባም ደነገጠ። ከዚያ በኋላ የሰውን ፍርድ ለኮምፒውተር አሳልፎ መስጠት አደገኛ ነው እያለ ሲያስጠነቅቅ ኖረ። ልክ ነው፣ ያስደነግጣል። እኔ ግን ሌላም ነገር አየሁበት። ምንም የማታውቅ ማሽን በባዶ ጥያቄ ብቻ ሰውን ይህን ያህል ካናገረች፣ ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ አሁን "ምን ላድርግ?" አልለውም። "መልስ እንዳትሰጠኝ፣ ጠይቀኝ" ነው የምለው። የሚቃወመኝ ሰው ሆነህ ተከራከረኝ። ያላነሳሁት ምንድን ነው? አንዳንዴ የማይረባ ይጠይቃል። አንዳንዴ ደግሞ ስሸሸው የከረምኩትን ነገር ፊት ለፊቴ ያመጣዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በኢንተርኔት የተካሄደ አንድ የቼዝ ውድድር ነበር። ሰው ከማሽን ጋር ተጣምሮ መግባት ይችላል። ግራንድማስተር የሚባሉት የቼዝ ሊቃውንት ከነኮምፒውተራቸው ገቡ። ያሸነፉት ግን ሦስት ኮምፒውተር የያዙ ሁለት አማተሮች ናቸው። ማሽኖቹን መጠየቅ ያውቁበት ነበር፤ የቱ ጋ ቆም ብለው ጠለቅ ብለው ማየት እንዳለባቸውም እንዲሁ። ወንድምሽ ይህን ቢያነብ "ዛሬ እኮ ማሽኑ ብቻውን ሁሉንም ያሸንፋል" ብሎ ይነሳብኛል። እውነቱን ነው። ቼዝ ላይ ግን ማሸነፍ ምን እንደሆነ ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ያንቺ ሥራ ላይስ ማሸነፍ ምንድን ነው? ደሞዝ ነው? ማታ ተኝቶ ማደር ነው? እሱን ሳትነግሪው ነው ልቀቂ ያለሽ።

ስሙም ይገርመኛል። ኤአይን በአማርኛ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብለነዋል። እኛ አስተዋይ የምንለው እኮ ቶሎ የሚመልስ ሰው አይደለም። ነገር ሲነግሩት ዝም የሚል፣ ሲቆይ ደግሞ አንዲት ነገር ጠይቆሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ ሰው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። መልሱ በሦስት ሰከንድ መጣ ማለት ውሳኔሽም በሦስት ሰከንድ ይምጣ ማለት አይደለም።

እና የሥራሽን ነገር ለጊዜው አሳድሪው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ያንኑ ገጽ ክፈቺና ጽሑፉን እንደ አለቃሽ ሆነሽ ጻፊው። ከዚያ ደግሞ ሥራውን ለቀሽ አንድ ዓመት እንደሞላሽ ሆነሽ። ይጠይቅሽ። የሚያናድድሽ ጥያቄ ሲመጣ እዚያ ላይ ትንሽ ቆዪ፤ ዝም ብለሽ አትለፊው።

እሑድ ደውይልኝ። ምን እንዳለሽ ሳይሆን ምን እንደጠየቀሽ ንገሪኝ። እኔም ልቀቂም አትልቀቂም አልልሽም፣ ቃሌ ነው። እናትሽ ግን የራሷ ሐሳብ አላት። እሷን ዝም የሚያሰኝ ማሽን ገና አልተሠራም።

አባትሽ