ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ሳላማንደሯና ስለ ወፊቱ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከአሜሪካ፣ ከኒው ሃምፕሻየር የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ከሳላማንደሯና ከወፊቱ የትኛዋ ትበልጣለች ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ዝናብ በጣለ ሌሊት ብቻሽን ጫካ አትግቢ። ብቻሽን እንደምትወጪ አብራሽ የምትኖረው ልጅ ለእህትሽ የነገረቻትን ሰምቻለሁ።

ጀርባዋ ቀይ የሆነው፣ እንሽላሊት የምትመስለው ሳላማንደርሽ 1 ግራም ያህል ብትመዝን ነው፤ ጀርባው ሰማያዊ፣ ጉሮሮው ጥቁር የሆነው ዋርብለር የሚሉት ትንሽ ወፍ ግን 9 ወይም 10 ግራም ይደርሳል። ጫካውን በዜማ የሚሞላው፣ ብርዱ ሲመጣም ኩባና ጃማይካ ድረስ የሚበረው እሱ ነው፤ እሷ ከበሰበሰ ግንድ ሥር ብዙም የማትርቅ፣ ሳንባ እንኳ የሌላት፣ በቆዳዋ የምትተነፍስ ፍጥረት ናት። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው፣ እዚያው ኒው ሃምፕሻየር ያለው የሀባርድ ብሩክ ጫካ ጥናት እንዳሳየው፣ ወፎች በሚበዙበት የመራቢያ ወቅት እንኳ የሳላማንደሮቹ ጠቅላላ ክብደት የጫካውን ወፎች ሁሉ እጥፍ ያህል ነበር። እኔን የነካኝ ግን እናትነቷ ነው፦ ሴቷ ዋርብለር እንቁላሎቿን 12 ወይም 13 ቀን ታቅፋ ስትፈለፍል፣ ሳላማንደሯ እምብዛም ሳትበላ ከወር በላይ በእንቁላሎቿ ዙሪያ ተጠምጥማ ትጠብቃለች። ስለዚህ እኔ ለሳላማንደሯ ፈርጃለሁ፤ አባትሽ ወፉን ይመርጣል፣ የማይዘፍን ነገር መቼ ወድዶ ያውቃል!

ቆዳዋ ከደረቀ ስለምትታፈን ደጅ የምትወጣው በዝናብ ሌሊት ነው፤ የእኔም ጭንቀት ይኸው ነው። ወፉን በጠራራ ፀሐይ ታዪዋለሽ፤ እሷ ግን ጨለማና ጭቃ ውስጥ ትጎትትሻለች። አጎትሽ ደምሴ እስከ ዛሬ ለምን እንደሚያነክስ ታውቂያለሽ። በሐምሌ ሌሊት የጠፋ ጥጃ ፍለጋ ብቻውን ወጥቶ ገደል ሲገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጩኸቱን ዋጠብን፤ እኛ ምድጃ ዳር ቆሎ እየቆረጠምን ነበር። ሲነጋ እናቴ ነጠላዋን ቀድዳ እግሩን ስታስር፣ ድምፁ ተዘግቶ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ብቻሽን አትውጪ የምልሽ ለዚህ ነው፤ ለክርክር አይደለም።

የትንኝ መከላከያ ቅባት የነካው እጅ ቆዳዋን ይጎዳታልና እጅሽን ታጥበሽ፣ በንጹሕ ውሃ አርጥበሽ ያዣት፤ ያነሳሽውንም ግንድ እንደነበረ መልሺው። ስትመለሺ ከጉልበትሽ ጀርባ መዥገር እንዳይኖር ፈትሺ። ትርፍ የባትሪ ድንጋይ ከኪስሽ አይጥፋ። ጓደኞችሽ ሌሊት ሲወጡ አብረሽ ውጪ፣ ብቻሽን ግን አይሆንም፤ ምንም ያህል ቢመሽ ስትገቢ ደውዪልኝ፣ አልተኛም።

እናትሽ