ጉልባኑን ቀቅለን የማንሸጥበት ምክንያት

ለክቡራን ደንበኞቻችን
ካራ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ወደ ወፍጮና ባልትና ቤታችን ስትመጡ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ነገር አለ፦ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑን ቀቅለን እንድንሸጥላችሁ። ለምን እንደጠየቃችሁ ይገባናል። ብዙዎቻችሁ ጎህ ሳይቀድ ከካራ ወደ መገናኛና ከዚያም ወዲያ ለሥራ ትወጣላችሁ፤ የታክሲ ሰልፉን አልፋችሁ ቤታችሁ ስትገቡ መሽቷል። ቢሆንም ዘንድሮም ጉልባኑን የምንሸጠው ጥሬውን ነው። ስንዴውን ፈትገን፣ ባቄላውን ከክተን፣ አበጥረንና ለቅመን እናስረክባችኋለን፤ መቀቀሉን ለቤታችሁ ትተናል። ምክንያቱን ልንነግራችሁ ይገባል።

ከሥራው እንጀምር። ንፍሮ በትኩሱ ፌስታል ውስጥ ከገባ ያልበዋል፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይሻግታል። ሐሙስ ለመሸጥ ረቡዕ ማታ መቀቀል አለብን፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳችሁ እስክትቀምሱት ድረስ ደህና ይቆያል ብለን ቃል መግባት አንችልም። ጨውም አለ። አንዱ ቤት ጠንከር ያደርገዋል፣ ሌላው ግፊት ያለባቸው አባት ስላሉ ይቀንሰዋል። አንዱ ሽንብራ ይጨምርበታል፣ ሌላው ከስንዴና ከባቄላ ክክ በቀር ምንም አያስጠጋም። እኛ በአንድ ትልቅ ድስት የምንቀቅለው ጉልባን የማንንም ቤት ጣዕም አይኖረውም።

የሚበልጠው ምክንያት ሌላ ነው። አባቶች እንደሚያስተምሩን ጉልባን እስራኤላውያን ከግብፅ በችኮላ መውጣታቸው የሚታሰብበት ምግብ ነው። በዚያች ሌሊት አቡክቶ ለመጋገር ጊዜ አልነበረም፤ ያልቦካ ቂጣ ጋገሩ፣ ንፍሮም ቀቅለው ስንቅ ያዙ ይሉናል። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ላይ እንደተጻፈው ሊጡ ሳይቦካ፣ ቡሃቃውን በልብሳቸው ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው ነው የወጡት። ይህን ታሪክ ለልጅ ስትነግሩት ዞር ብሎ ጓዳ ያለውን ቡሃቃ ያያል፤ "ይሄንን በትከሻ?" ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ቁጥር 26 እና 27፣ ልጆች ስለ በዓሉ ሥርዓት ሲጠይቁ ወላጆች ምን ብለው እንደሚመልሱላቸው ተነግሯል። ልጅ ደግሞ የሚጠይቀው ሲሠራ ሲያይ ነው። ተከድኖ ከሱቅ ስለመጣ ንፍሮ ማን ምን ብሎ ይጠይቃል?

የእኔን ቤት ላንሳ። ረቡዕ ማታ አማቴ ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስንዴውን ይበትኑታል። ከራሳችን ወፍጮ ቤት ተለቅሞ የመጣ ቢሆንም በራሳቸው ዓይን ካላዩት አያምኑም። ትንሿ ልጄ የሆሳዕናውን የዘንባባ ቀለበት እንዳጠለቀች አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ቀለበቱ ደርቆ ጫፉ ተሰንጥቋል፣ እስከ ፋሲካ ግን አይወልቅም። ጠጠር ያገኘች ሲመስላት ብድግ አድርጋ "እማማ፣ ይቺስ?" ትላለች። ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ስንዴ ነው። "እሷም እህል ናት የኔ እናት፣ መልሻት" ይሏታል። ወንድሟ ክኩን በእፍኙ እየዘገነ መልሶ ያፈሰዋል፤ ተው ብንለውም አይተውም፣ እኛም ጨክነን አንቆጣውም። ያ ማታ ቴሌቪዥኑን የሚያስታውሰው የለም። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጉልባኑ በሳህን ከቤት ቤት ይዞራል፤ ልጆቹ የጎረቤቱን ቀምሰው ይመጡና "የእነሱ ጨው በዝቷል" እያሉ ያወራሉ። ይህን ደስታ ከማንም ቤት መውሰድ አንፈልግም።

በዚህ ሰሞን ጓዳው የሚተራመሰው የእኛ ብቻ አይደለም። የአይሁድ ፋሲካ ዘንድሮ መጋቢት 23 ማታ ይገባል፤ ከዚያ በፊት ቤቱ ጥግ ጥጉ ሳይቀር ይጠረጋል፣ የቦካ ነገር ሁሉ ይወጣል። ጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም በበዓሉ ሰባት ቀናት ያልቦካ ቂጣ ይበሉ ነበር።

አቀቃቀሉን ለማታውቁ፦ ስንዴውን ረቡዕ ማታ ዘፍዝፉት። ሲነጋ ቀድሞ የሚጣደው እሱ ነው፤ ለስለስ ማለት ሲጀምር ክኩን ጨምሩበት። አብራችሁ ከጣዳችሁት ስንዴው ሳይበስል ክኩ ይፈርሳል። ጨውን ወደ መጨረሻው አድርጉት። ጠባብ ክፍል ተከራይታችሁ ለብቻችሁ የምትኖሩ ልጆቻችንንም አልረሳንም፤ በግማሽ ኪሎ እየመዘንን አዘጋጅተናል። ከተቻለ ከአከራያችሁ ወይም ከጎረቤት ጋር አንድ ድስት ጣዱ፤ ለማጀት ሥራ የሚያግዝ ሰው ሲመጣ ደስ የማይላት እናት በዚህ ሰፈር አናውቅም።

የበርበሬን ነገር ባጭሩ። ለዶሮ ወጡ በርበሬ ማስደለዝ የምትፈልጉ ዛላውን አሁኑኑ አምጡ። የበልግ ዝናብ ስላለ ፀሐዩ አያስተማምንም፤ ተደልዞ በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ተፈጭቶ ሲቀመጥ ይሻግታል። ስለዚህ ከመጋቢት 20 በኋላ ዛላ አንቀበልም። ደርቆና ታምሶ ያለቀ በርበሬ ግን እስከ ረቡዕ መጋቢት 30 እንፈጫለን።

ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 1፣ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ክፍት ነን፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኞቻችንም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ስቅለት ዝግ ነው። ቀዳም ስዑር፣ ሚያዝያ 3፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ለጎደለባችሁ፣ የድፎ ዳቦ ዱቄት ላነሳችሁ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት እንጠብቃችኋለን። በሰሞነ ሕማማት መሳሳም ስለሌለ ልጆቹ እንደወትሮው ስመው ባይቀበሏችሁ ቅር አይበላችሁ።

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

የወፍጮና ባልትና ቤቱ ባለቤት ከነሠራተኞቹ