አባዬ፣ ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች። ትንሹ ደግሞ መጻፍ ጀምሮ ግድግዳውን ሁሉ በፊደል ሞልቶታል። በስልክ ድምፅህን ሲሰሙ ለምን ቁና ቁና እንደምትተነፍስ ይጠይቁኛል፤ እኔም ሌላ ወሬ አነሳባቸዋለሁ።

ወንድሜ የደረትህን ራጅ ልኮልኛል። ሐኪም ስላልሆንኩ አይቼ የምለው የለኝም። ይህን ስጽፍ የዚያን ቀን ንግግርህ መጣብኝ። ኬሚስትሪ መረጥኩ ስልህ “ድንጋይ ለመቀቀል ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?” ብለህ በሩን ዘግተህ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ደመወዜ ጠይቀኸኛል፤ ስለ ሥራዬ ግን አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ተቀይሜሃለሁ፤ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም። ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

አልጋህ አጠገብ የቆመው የኦክስጅን ማሽን ሆዱ ውስጥ ዜኦላይት የሚባል ማዕድን አለ። ማሽኑ የክፍሉን አየር በግፊት ያስገባል፣ ዜኦላይቱ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀረዋል፣ ወዳንተ የሚመጣው አየር አብዛኛው ኦክስጅን ይሆናል። ግፊቱ ሲላላ ናይትሮጅኑ ይለቀቃል። እንቅልፍ የሚነሳህ “ፉስ” የሚለው ድምፅ እሱ ነው።

እኔ የምሠራው በሌላ የዜኦላይት ዓይነት ላይ ነው። ዜኦላይት ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ተያይዘው የሠሩት ክሪስታል ነው፤ ውስጡን የሞሉት ቀዳዳዎች ከአንድ ናኖሜትር፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ ይጠባሉ። ነዳጅ ማጣሪያዎች ከባዱን ዘይት ሰባብረው ቤንዚን የሚያወጡት በእሱ ነው። ችግሩ፣ ሥራውን የሚሠሩት አሲዳማ ቦታዎች አብዛኞቹ ከቀዳዳዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ትልቅ ሞለኪውል ደጅ ይቀራል። የገባውም ለመውጣት ሲዘገይ ከሰል ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። እኔ መሰባበር የምፈልገው ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ ያ ሁሉ ረጅም ሰንሰለት።

የእኔው ዜኦላይት ኤምሲኤም-22 ይባላል። በታሸገ የብረት ዕቃ፣ 150 ዲግሪ ገደማ፣ ለቀናት ይቀቀላል። አዎ አባዬ፣ ይቀቀላል። ሲወጣ የተደራረቡ ስስ ንጣፎች ነው፤ የአንዱ ውፍረት 2.5 ናኖሜትር ያህል። እንዲሁ ወደ ምድጃ ከገባ፣ ውሃ ነክቶት እንደደረቀ መጽሐፍ፣ ንጣፎቹ ላይላቀቁ ይጣበቃሉ። ስለዚህ ከእሳቱ በፊት በመሃላቸው ሰርፋክታንት እናስገባለን፤ ከሳሙና ወገን ነው። ባለ ፖዘቲቭ ቻርጁ ጭንቅላት ንጣፉን ይይዛል፣ 16 ካርቦን የሚረዝመው ጅራት ጎረቤቱን ገፍቶ ያርቃል። ከዚያ በክፍተቱ የሲሊካ፣ ማለትም የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ፣ ምሰሶ ማቆም ይቻላል፤ ወይም የስፔን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ በአልትራሳውንድ፣ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ አንቀጥቅጦ ንጣፎቹን መለያየት። በመጨረሻ ሰርፋክታንቱ በእሳት ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ክፍተቱ ይቀራል፤ ትልቁም ሞለኪውል አሲዱ ጋ ይደርሳል።

ዕድሜዬን የምፈጀው ግን እዚህ ጋ ነው። ንጣፎቹ እንዲላቀቁ ሰርፋክታንቱ ያለበት ፈሳሽ ኃይለኛ ቤዝ፣ የአሲድ ተቃራኒ፣ መሆን አለበት፤ ያው ቤዝ ደግሞ የንጣፉን ሲሊካ ይበላዋል። 80 ዲግሪ ላይ ስታሞቀው ይከፈታል፣ ግን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በክፍል ሙቀት ሲሠራ ንጣፉ ይበልጥ እንደሚተርፍ ታትሟል፤ እኔም በዚያው መንገድ ነው የምሄደው። የኛም ዱቄት ራጅ ይነሳል። ግራፉ ላይ የመጀመሪያው ጫፍ ወደ ግራ ከሸሸ ንጣፎቹ ተራርቀዋል ማለት ነው። እሱን ለማየት ከስክሪኑ ፊት አልነሳም። ያንተን ራጅ ግን ከፈትኩና ወዲያው ዘጋሁት። ነጩን ቦታ አይቼዋለሁ፣ አባዬ። ወንድሜ “ምንም አይደለም” አለኝ፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር።

ማባዛትና ማካፈል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የቀረው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው፤ አመሰግንሃለሁ።

ደግሞ እባክህ፣ የማሽኑን የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ በየሳምንቱ አሳጥበው፤ በደንብ ሳይደርቅ ግን እንዳይመልሱት። ያ ዜኦላይት ውሃ ይወዳል፤ እርጥበት ከጠጣ ናይትሮጅን መያዙን ይተዋል፣ አንተም ኦክስጅን ያንስብሃል። ሻማም ክብሪትም ወደ አልጋህ አይቅረብ። ሐኪሙ የወሰነልህን መጠንም በራስህ አትጨምር፤ እንደምትነካካው ሰምቻለሁ።

እሁድ ስደውል “ደህና ነኝ” ብለህ ስልኩን ለወንድሜ አታቀብለው። ስለ ራጁ አንተው ንገረኝ። እኔንም ስለ ዱቄቱ ጠይቀኝ።

ልጅህ