ዝም ያለው ልጅ ጨዋ አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከልጅ ጋር በአውሮፕላን ስለ መጓዝ የሚጻፉ ምክሮችን አነባለሁ። ጥሩ ጥሩ ነገር አላቸው። መጫወቻ ያዙ፣ ቅያሪ ልብስ አትርሱ፣ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ሁሉም ግን ልጁ ወላጆቹን ያውቃል ብለው ነው የሚጀምሩት። የእኛ ልጅ አያውቀንም ነበር። ከተዋወቅን ገና 9 ቀናችን ነበር።

ከ8 ወር በፊት እኔና ባለቤቴ ከባሕር ማዶ በጉዲፈቻ የወሰድነውን የ3 ዓመት ልጅ ይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን። ሁለት በረራ፣ በመሀል የ5 ሰዓት ጥበቃ፣ በድምሩ 19 ሰዓት። የልጁን ስምም የተወለደበትን አገርም አልጽፍም። ታሪኩ የራሱ ነው፤ ሲያድግ ለፈለገው ሰው ይናገረዋል። እኔ የምጽፈው ስለ ራሴ ስህተትና በመንገድ ላይ ስላገኘናቸው ሰዎች ነው።

የወረቀቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወረቀት ካልተሰደረ እንቅልፍ አይወስደኝም። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የሕክምና ምርመራ ውጤት፤ ሁሉንም ከነትርጉሙና ከነቅጂው በአንድ አቃፊ አደረግኩ። ሁለቱም አገሮች ከአገር ወደ አገር ስለሚደረግ ጉዲፈቻ የወጣው የ1993ቱ (እ.ኤ.አ.) የሔግ ስምምነት አባል ስለሆኑ በአንቀጽ 23 መሠረት ጉዲፈቻው በሥርዓቱ መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀትም ተሰጥቶናል። ይህ ወረቀት ካለ ጉዲፈቻው በሌሎቹ አባል አገሮችም በሕግ የታወቀ ይሆናል። አቃፊውን ከእጄ አልለየሁትም። መጸዳጃ ቤት ሳይቀር ይዤው ስገባ ባለቤቴ "እሱን ነው እንዴ በጉዲፈቻ የወሰድከው?" አለችኝ።

እንዲህም ሆኖ ተሳሳትኩ። የልጁን ትኬት ቀደም ብዬ በድሮው ስሙ ቆርጬ ነበር። ፓስፖርቱ ግን በእኛ የቤተሰብ ስም ወጣ። ይህን ያየሁት የመሳፈሪያ መስኮቱ ጋ ስደርስ ነው። ለሰው ሂሳብ የምመረምር ሰው! ሃምሳ ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን አየች፣ ልጁን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ ከልጁ አናት በላይ "እውነተኛ ወላጆቹ የት ናቸው?" ብላ ጠየቀች።

ባለቤቴ "ይኸው ፊትሽ ቆመናል" አለቻት።

ጥያቄው ይገባኛል። ሕፃናት በሐሰት ሰነድ ከአገር አገር ይወሰዳሉ፤ ሦስቴ ብትጠይቀን አይከፋኝም። ዝም ብላ ብታሳልፈን ነበር የሚያስፈራኝ። ቅር ያለኝ አጠያየቋ ነው። "የጉዲፈቻ ሰነድ ይዛችኋል?" ብትል ያንኑ መልስ ታገኝ ነበር። ልጁ ቋንቋውን አይሰማም፤ ፊት ግን ያነባል። የሱሪዬን ኪስ ጨምድዶ ይዞ ከእሷ ወደ ባለቤቴ፣ ከባለቤቴ ወደ እሷ ያይ ነበር።

ቀጥሎ ፍተሻ መጣ። ልጁ ሰማያዊ ጫማ ነበረው፤ አንዱ ማሰሪያው የተበጠሰ፣ ለእግሩም ትንሽ የጠበበው። አዲስ ገዝተንለት እምቢ ብሏል። ዘጠኙንም ቀን ጫማውን እንዳደረገ ነው የተኛው። ከነበረበት ማሳደጊያ ቤት የያዘው የራሱ ነገር ከአንድ ካናቴራ በቀር እሱ ብቻ ነበር። ፈታሹ ጫማው ይውለቅ አለ። አወለቅነው። ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ወደዚያ ጨለማ ማሽን ሲገባ ልጁ አየው።

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ለቅሶ አልለውም። ሰውነቱ በሙሉ እንደ እንጨት ደረቀ። ጫማው በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል ነጥቆ ደረቱ ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ 19 ሰዓት ሙሉ አንዲት ድምፅ አላሰማም።

ደብዳቤውን እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ዝምታ ነው።

በአውሮፕላኑ ውስጥ ሁሉም አመሰገነን። አስተናጋጇ "ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው!" አለች። ከኋላችን የተቀመጡ አዛውንት የራሳቸው የልጅ ልጆች እንዴት እንደሚያስቸግሩ ነገሩንና "እናንተስ ታድላችኋል" አሉን። እኔም ሞኙ ደስ አለኝ። በሆዴ እንኳ "ወደደን ማለት ነው" አልኩ። ባለቤቴ ግን ዝም ብላ ታየው ነበር። እጁን ስታነሳው እጁ እንደተነሳ ይቆያል። ስታወርደው ይወርዳል። ዓይኑ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ጀርባ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢና ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከወላጆቻቸው ተለይተው ሆስፒታል ስለሚተኙ ትንንሽ ልጆች ጽፈዋል። ልጁ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይፈልጋል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጥና ጸጥ ይላል። በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ ግድ የማይሰጠው ይመስላል። የሚገርመው፣ የሆስፒታል ሠራተኞች ያንን ጸጥታ "ልጁ ለመደ" ይሉት ነበር። እኔ ይህን ያነበብኩት ቤት ከገባን በኋላ ነው። የእኛ ልጅ አልለመደም ነበር። የሚያውቀውን ሰው፣ የሚያውቀውን አልጋ፣ የሚያውቀውን ቋንቋ በአንድ ቀን ያጣ ልጅ ነበር። ለእኛ የደስታችን ቀን ነው። ለእሱ ከማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ጋር የሄደበት ቀን ነው።

ትልቁ ስህተቴ የተፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። በነበረበት ቤት ያሳደጉት አንዲት ሞግዚት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ እጃቸው ሻካራ የሆነ ሴት። ማታ ማታ ለልጆቹ የሚያንጎራጉሩትን በስልኬ ቀድቼ ነበር። መንገድ ላይ ያጽናናዋል ብዬ ነው። ምግብ ተነስቶ መብራት ሲጠፋ ከፈትኩለት።

ቀና አለ። መጀመሪያ ወደ መተላለፊያው አየ። ከዚያ ወንበር ላይ ቆሞ ወደ ኋላ። ከዚያ ወርዶ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ሲያጣቸው ስልኩን ከእጄ ወስዶ ገለበጠና ጀርባውን አየው። እዚያም የሉም። መልሶ ሰጠኝና ተቀመጠ።

ለ3 ዓመት ልጅ ድምፅ ካለ ሰውየው አለ። ያንን ማሰብ ነበረብኝ። ቅጂውን አላጠፋሁትም፤ ሲያድግ የሚፈልገው ይመስለኛል። ግን ላልተዘጋጀ ልጅ በ10 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የሚከፈት ነገር አይደለም።

የረዳን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቤት ስንወጣ ሞግዚቷ የልጁን ካናቴራ ሰጡንና በአስተርጓሚ "እንዳታጥቡት" አሉን። ባለቤቴ ካናቴራውን ስታየው እኔም ሳየው... እንዲያው ልናገር እንጂ፣ ይሸታል። የዚያ ቤት ሳሙና፣ ጭስ፣ ልጅ ልጅ የሚል ሽታ። በሁለተኛው በረራ ላይ ባለቤቴ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ከብዙ ሰዓት በኋላ አፍንጫውን እሱ ውስጥ ቀብሮ እንቅልፍ ወሰደው። እሷ ላይ ሳይሆን ካናቴራው ላይ ነው የተኛው። "ግዴለም፣ በውሰት ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ስለ እንቅልፍ ካነሳሁ፣ አንድ ወዳጃችን "የአለርጂ ሽሮፕ ስጡትና ድብን ብሎ ይተኛል" ብሎን ነበር። የሕፃናት ሐኪማችንን ስንጠይቅ አይሆንም አሉን። መድኃኒቱ አንዳንዱን ልጅ እንደማስተኛት ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል። ደግሞስ ተኝቶ ሲነቃ ሌላ አገር ከተገኘ፣ ነገ ማታ ዓይኑን እንዴት አምኖ ይከድናል? ይህ የሐኪሙ ሳይሆን የእኔ ሐሳብ ነው።

አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ግን ልጁን መቀስቀስ ነበረብን። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ ውስጥ የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ መሆን ነው። መውረድ ሲጀምር ግፊቱ ይጨምራል። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ በልጆች ላይ ጠባብና ጋደም ያለ ስለሆነ እንደ ትልቅ ሰው ቶሎ አይከፈትም። የሚከፍተው መዋጥ ነው። የተኛ ልጅ ደግሞ ብዙ አይውጥም። ስለዚህ ከማረፋችን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለን ቀሰቀስነውና ውሃ በስትሮው ሰጠነው። በዚያ ቋንቋ ከተማርናቸው 12 ቃላት አንዱ "ውሃ" ነበር። ሌሎቹ "ሽንት"፣ "አመመኝ"፣ "ጨረስኩ"፣ "አለሁ" የመሳሰሉት ናቸው። እኔ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌያቸው በላብ ጠፉ። ባለቤቴ በቃሏ ይዛቸዋለች። ከሁሉም የሠራልን "አለሁ" የሚለው ነው። "ቀበቶ እሰሩ" የሚለው ምልክት በበራ ቁጥር "አለሁ፣ አለሁ" ትለው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልምጣ። የሚመለከተው ዘመድ አዝማድን ነው፤ የራሴንም ጭምር።

ከመሄዳችን በፊት ለሁሉም ተናግረን ነበር። አንድ ሰው ብቻ መኪና ይዞ ይምጣ፤ ሌላው ይቅርብን። ለጥቂት ሳምንት ልጁን የምናቅፈውም፣ የምናበላውም፣ የምናጥበውም እኛ ብቻ እንሁን። ሰው ለመናቅ አይደለም። ብዙ እጅ ሲያሳድገው የኖረ ልጅ "የእኔ" የሚለውን ሁለት እጅ ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ሁሉም "እሺ፣ እሺ" አሉ።

በር ስንወጣ 14 ሰው ቆሟል። ፊኛ ይዘዋል። ስልክ ይቀርጻል። አንዷ የአክስቴ ልጅ "ና ወደ እኔ!" ብላ ከባለቤቴ ደረት ላይ ልትወስደው እጇን ዘረጋች። ልጁ አላለቀሰም። እጁን ዘርግቶላት ሊሄድ ነበር! ሰዎቹ "አይ ሲወደን!" ብለው ሳቁ። እኔ ግን ደሜ ቀዘቀዘ። ማንም ቢዘረጋለት ይሄዳል ማለት ነው። ዘጠኝ ቀንና 19 ሰዓት እኛን ከሌላው ሰው ገና አልለየንም። ባለቤቴ አጥብቃ ይዛው "ይቅርታ፣ አልሰጥም" አለች። የአክስቴ ልጅ ለሁለት ወር አኮረፈችን።

ቅድም የጠቀስኩት ስምምነት በአንቀጽ 19 ልጁ የሚተላለፈው ደህንነቱ በተጠበቀና ተገቢ በሆነ ሁኔታ፣ ከተቻለም ከአሳዳጊዎቹ ጋር ሆኖ መሆን አለበት ይላል። አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ስለሚቆም ዘመድ የሚለው የለም። እሱ የእኛ ሥራ ነው። ልጅ በጉዲፈቻ ወስዶ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እባካችሁ ቤታቸውን አጽዱላቸው፣ ምግብ በር ላይ አስቀምጡላቸው፣ ልብሳቸውን እጠቡላቸው፤ ልጁ በሌሊት 9 ሰዓት ቀን መስሎት ስለሚነሳ እነሱ እንቅልፍ የላቸውምና። የልጁን ካናቴራ ብቻ እንዳትነኩ።

በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል እናቴን ያየኋት ዘግይቼ ነው። አትምጪ ብያት ነበር፤ መጥታለች። ግን ከሰዉ ጋር አልቆመችም። ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ አንድ ምሰሶ ተደግፋ ታያለች። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም እጇን እንኳ አላነሳችም። በጭንቅላቷ ብቻ "ሂዱ፣ ሂዱ" አለችኝ።

ለአምስት ሳምንት እቤት ስትመጣ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ትቀመጥ ነበር። አትጠራውም፤ ሹራቧን ትሠራለች። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁ ራሱ ሄዶ ክሩን ነካ፤ ከዚያ ጭኗ ላይ ወጣ። ባለቤቴ የእናቴ ቀሚስ እንዳይቆሽሽ ብላ ጫማውን ልታወልቅለት ስትነሳ እናቴ ቀና ሳትል "ተይው፣ ይተው" አለቻት።

አንድ አባት፣ የጋዜጣችሁ አንባቢ