የዓመቱ መዝጊያ መልእክት ለግብርና ኮሌጁ መምህራን፣ ቴክኒሻኖችና የመስክ ሠራተኞች

ውድ ባልደረቦች፣

ውጤት ገብቷል፣ ቢሮውም ሒሳቡን እየዘጋ ነው። ማሳው ግን ገና አልተዘጋም፤ የስንዴ ሙከራችን ዛላ ማውጣት ጀምሯል። ስለዚህ በጳጉሜም ሆነ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ከሁሉ የሚቀድመው ዋግ የተባለውን የስንዴ የፈንገስ በሽታ ማሰስ ነው፤ እባካችሁ ተራ ይዛችሁ በሳምንት ሁለት ጊዜ እዩልን። ቅጠሉን በጣት ጠረግ ስታደርጉት ቢጫ ብናኝ ጣታችሁ ላይ ከቀረ፣ ነጠብጣቡም በቅጠሉ ርዝመት በመስመር ከተደረደረ ቢጫ ዋግ ነው። የግንድ ዋግ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን የግንዱን ልጥ ሰንጥቆ ይወጣል።

ለርጭት በሄክታር 0.5 ሊትር ቲልት የተባለ የፈንገስ መድኃኒት በ200 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ ይህም 16 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ 40 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ርጭት የሚከሽፈው መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ውሃው ተቀንሶ የታችኛው ቅጠል ሳይረጥብ ስለሚቀር ነው። ነፋስ ሳይነሳ፣ ጠዋት ጤዛው እንደረገፈ ይረጭ። ጓንትና ጭንብል የግድ ነው።

የበቆሎ ዘር እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ሳይወርድ መጋዘን አይግባ። መለኪያው ከሌለ ደረቅ ጨውና በቆሎ በደረቅ ጠርሙስ አድርጋችሁ ነቅንቁ፤ ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ ገና አልደረቀም።

ለመጪው ዓመት ቅድሚያ የምንሰጠው ኮምጣጣውን፣ ማለትም አፈሩ አሲዳማ የሆነውን ማሳ በኖራ ማከም ነው። ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ስላለበት ግዢው እስከ ግንቦት አይቆይ። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አትበትኑት፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይባክናል።

መልካም አዲስ ዓመት።