ለየካ አባዶ ጎረቤቶቻችን

እማዬ በክረምቱ ዝናብ በረጠበ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ከተሰበረ ጀምሮ የደወላችሁ፣ የመጣችሁ፣ የጸለያችሁ ሁሉ፣ ይህ ምስጋና ለእናንተ ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ላመሰግን አስቤ ነበር። ግን ብሎኩም ብዙ፣ ደረጃውም ብዙ ነው። ቀዶ ሕክምናው ደህና አልፏል። እማዬ አሁን በዎከር ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ትሄዳለች። ቡና እየተፈላ ከሆነማ እኔንም ትቀድማለች።

በመጀመሪያ የብሎካችን ወጣቶች። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ሕመምተኛ ሲኖር ነው። ከሆስፒታል ስትመለስ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክማችሁ አወጣችኋት። በየፎቁ ስታርፉ አንዱ «ወራጅ አለ?» ሲል፣ እማዬ ሕመሟን ረስታ «አራተኛ ፎቅ አለ!» ብላ መለሰችለት። ያን ሳቅ ከሰማሁ በኋላ ነው ትንሽ የተነፈስኩት። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

ደም የለገሳችሁ ዘመዶች፣ በዚያ ዝናብ እስከ ሆስፒታል አድርሶን ሒሳብ አልቀበልም ያለው የሚኒባስ ሹፌር፣ ሌሊት ሳይሰለቹ ያገላበጧት ነርሶች፣ ሳንጠይቅ የደረሰልን እድራችን፣ ሁላችሁም እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ።

አሁን ወደ ቅንጬው ልምጣ። ሊጠይቀን የመጣ ሰው ሁሉ «ያ ምግብ እንዴት ነው የሚሠራው?» እያለኝ ነው የሚሄደው።

እማዬ ቤት ከገባች በኋላ ምግብ ዘጋት። ማስታገሻው ሆዷን አድርቆባት ነበር። ሐኪሙ አሰር ያለው ምግብና ብዙ ውሃ አዟል፤ እሷ ግን ሾርባ ሲመጣላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በዚያ ላይ ፍልሰታ ገባ። የንስሐ አባቷ መጥተው የታመመ ሰው እንዲጾም አይገደድም ብለው ቢመክሯት፣ በሰዓት ለመብላት ብቻ ተስማማች። ቅቤ ግን ወይ ፍንክች!

ያኔ ነው የታችኛው ፎቅ እትዬ ድስታቸውን ይዘው የመጡት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ቤይሩት ሲሠሩ ሰዎቹ ቡርጉል በሽንኩርትና በቲማቲም ሲያበስሉ አይተው፣ እዚህ በእኛው ስንዴ ለመዱት። ቡርጉል አስቀድሞ ተቀቅሎ፣ ደርቆ የተከካ ስንዴ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል። የእኛ ሽርክት ጥሬ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል።

እትዬ ስንዴውን ራሳቸው ገዝተው፣ ለቅመው ወፍጮ ቤት ይወስዱታል። «እንዳይፈተግ፣ ብቻ ሸርክቱልኝ» ይላሉ። ፍሩሽካው አብሮት ስለሚቀር አሰሩ አይጠፋም። ቤት ሲደርስ በወንፊት ይነፉታል። ዱቄቱ ካልወጣ ቅንጬው ይጣበቃል፤ እማዬ ደግሞ የተጣበቀ ነገር አትወድም።

ከዚያ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ በዘይት ወርቃማ እስኪሆን ይቁላላል። ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈቀፈቀ ካሮትና አንድ ቲማቲም ይከተላሉ። ቲማቲሙ ውሃውን ሲጨርስ 2 ኩባያ ሽርክት ይጨመርና እየተማሰለ ይታመሳል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ስንዴው ዘይቱን ጠጥቶ የቆሎ ሽታ እስኪያመጣ ድረስ ነው። ፍሬ ፍሬው ተለያይቶ የሚቀረው በዚህ ነው። ከዚያ 5 ኩባያ የፈላ ውሃ፣ ጨውና ትንሽ ኮረሪማ ገብቶ አንዴ ሲንተከተክ እሳቱ ይቀነሳል። ክዳኑ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይከደናል። ግማሽ ሰዓት አይነካም፤ ከወጣም በኋላ 10 ደቂቃ እንደተከደነ ያርፋል። ሲወጣ በሹካ ይበተናል እንጂ በማማሰያ አይታሽም።

እትዬ «የአባዶ ውሃ ሰነፍ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ ከውጭ በመጣ እሽግ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አምናችሁ ድስት አታውጡ። ጥርስ ለሌላቸው ሰዎች ደግሞ አንድ ኩባያ ውሃ ጨምሩ።

እማዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ የተቀበለችው ለይሉኝታ ነበር፤ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ቆመው እንዴት እምቢ ትበል? ሁለተኛውን ግን ራሷ አፏን ከፈተች። ከዚያ በኋላ እትዬ መብራት ሲጠፋ ከሰል አያይዘው፣ ዝናብ ሲጥል ድስቱን በነጠላቸው ሸፍነው ያንን ደረጃ ይወጡ ነበር። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው እናውቃለን። አሠራሩን ለእኔ አሳይተውኝ እንኳ መምጣቱን አልተዉም፤ «ያንቺ ጨው አይበቃም» ነው ምክንያቱ። እትዬ፣ እናታችንን ወደ ማዕድ የመለሷት እርስዎ ነዎት። ይኑሩልን።

ጾሙ ነሐሴ 16 ሲፈታ ያው ቅንጬ በንጥር ቅቤ ተሠራ። እማዬ ደግሞ አሁን ከገብስ ይሠራልኝ ማለት ጀምራለች። መራጭ ሆናለች፣ ተመስገን!

በመጨረሻ፣ ምግብ ያመጣችሁበት ዕቃ ቤታችን ተከማችቷል። ሁለት ምሳ ዕቃ፣ ክዳኑ ሰማያዊ የሆነ ፔርሙስና እጀታው የላላ ድስት ባለቤት አልተገኘላቸውም። ከሰዓት በኋላ ሁሌም ሰው አለ፤ መጥታችሁ ውሰዱ። ቡናም አለ።